የሙሉቀንን መርዶ ይዤ በቀዮቹ ኮረብቶች መሃል

ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በኋላ ነው። ከቡሬ ወዲያ ያለውን ያን አገር ከቤተሰባችን ያየው ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ እኔ አየሁት። እናቴን እግሯ አያደርሳትም። እህቶቼም የሚሄዱ አይመስለኝም። ስለዚህ ለእነሱ ስል እንደሄድኩበት በተራ ልጻፈው። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ነው ያለሁት፤ በቤታችን የሚጽፈው ሙሉቀን ነበር።

ሙሉቀን አስተማሪ ነበር። መጀመሪያ የተመደበው መኪና በማይገባበት የገጠር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ እዚያ ሳለ የሚኖረው እማ ውዴ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነበር። እማ ውዴ ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን ሽማግሌ ጠርተው፣ አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው አጥብተውት የጡት ልጃቸው አደረጉት። በኋላ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወረ። እዚያው ታመመ፣ እዚያው አረፈ። የቀበርነው አገራችን ደምበጫ፣ ከአባታችን ጎን ነው።

አርባው ሲቃረብ እናቴ ጠራችኝ።

«ያቺ ሴት ሳትሰማ የልጄ አርባ አይወጣም» አለች። «እሷም እናቱ ናት።»

እዚያ መንደር ስልክ አይሠራም። ቢሠራም እናቴ መርዶ በስልክ አይነገርም ባይ ናት። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። ማታ የሰማ ሰው ጦሙን ያድራል፣ ብቻውን ያነጋል፤ ይህ ደግሞ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። እኔ የምደርሰው ወደ ማታ ስለሆነ፣ እስኪነጋ ዝም ማለት ነበረብኝ።

«ውሸት እንዳትናገር» አለችኝ። «እውነቱንም ሳይነጋ እንዳታወጣ።»

እሺ አልኩ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ሰኞ

ከደምበጫ በሚኒባስ ተነሳሁ። ጥቅምት ነበር፤ ጤፉ ገና አልታጨደም፣ ኑጉ ቢጫ አበባውን አውጥቷል። ከሹፌሩ ኋላ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ረዳቱ «ሻይ የሚጠጣ ይውረድ» አለ። እኔ አልወረድኩም። ሌላ ጊዜ ስመጣ ሙሉቀን በባጃጆቹና በፈረስ ጋሪዎቹ መሃል ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቦርሳዬን ቀድሞ ይቀበለኝና «ምነው ከሳህ?» ይለኛል። ባልከሳም ይለኛል። አሁን በመስኮት እያየሁ ቆየሁ። ከተማው ያው ነው። እንዴት ያው እንደሆነ አልገባኝም።

ማንኩሳ አካባቢ በርበሬ በየደጁ ተሰጥቷል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ማስነጠስ ጀመርን። አንዲት ሴትዮ ሹፌሩን «አንተ ሰውዬ፣ በርበሬውን እየነዳህ ነው ወይስ መኪናውን?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ዓይኔ አለቀሰ፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ደስ አለኝ።

ቡሬ ያደርኩት እናቴ በዘመድ በኩል ከምታውቃቸው ከእትዬ የሺ ዘንድ ነው። ምግብ ቤት አላቸው፤ ከጓሮ ደግሞ የሚከራዩ አልጋዎች። ጥቁር ሸሚዜን አዩና ምን ትበላለህ ሳይሉ ከፊቴ ቁጭ አሉ።

«ማን ሞቶብህ ነው?»

«ወንድሜ።»

«ነፍስ ይማር። ታላቅህ ነው ታናሽህ?»

«ታላቄ።»

ተነሱና ራሳቸው አቀረቡልኝ። ደምበጫ ወጡ ቀላ ያለ ነው፣ የሳቸው ደግሞ ጠቆር ብሎ ያቃጥላል፤ ግን በላሁ። ነገ የት እንደምሄድና ለምን እንደምሄድ ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«በዚህ ሸሚዝ?»

«አዎ።»

«አንተ ልጅ! ልብሱ ቀድሞህ ይናገራል እኮ። ገና ከማዶ ስትታይ ሴትዮዋ ጩኸታቸውን ሊያቀልጡት?»

አፈርኩ። እናቴ ስንቁን፣ ቃሉን፣ የምደርስበትን ሰዓት ሳይቀር አስባ ነበር። ጥቁሩን ግን ሁላችንም ረሳነው። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ጥቁር ከለበሰ ስለሰነበተ ጥቁር መሆኑን ማየት ትተናል። እትዬ የሺ የልጃቸውን ሸሚዝ አመጡ፤ ሰማያዊ መስመር ያለበት፣ ለእኔ የሚሰፋ። ስለብሰው ሙሉቀንን የከዳሁት መሰለኝ። ለሳቸው ግን አላልኳቸውም።

መንገዱን የሚያውቅ ሰውም ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። አያ ፈንታሁን ይባላሉ፤ የእማ ውዴ ጎረቤት ናቸው፤ ድንች በአህያ እየጫኑ ለምግብ ቤቱ ያመጣሉ። ነገሩን ሲሰሙ ሄደው የአህያዋን ገመድ ጠቀለሉ። ከዚያ «ጠዋት በጊዜ ተነስ» ብቻ አሉኝ።

ማክሰኞ

ጥቂት ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ሄድን፤ ከዚያ ወደ ግራ ተገነጠልን። አህያዋ ባዶዋን ስለሆነች ከፊት ከፊታችን ትሄዳለች። አያ ፈንታሁን በሃምሳዎቹ ውስጥ ይሆናሉ፤ ቀጭን ናቸው፤ ሲሄዱ ዱላቸው መሬት የሚነካ አይመስልም።

ጭጋጉ ሲገፈፍ ኮረብቶቹን አየኋቸው። በእኛ አገር ኮረብታ ረጅም ነው፣ ተጋድሞ የተኛ ይመስላል። እነዚህ ግን አንድ በአንድ ለየብቻቸው ቆመዋል፤ ክብ ናቸው፤ ጫፋቸው ተቆርጧል። አፈራቸው ቀይ ነው። ደምበጫም ቀይ አፈር አለ፤ ይህኛው ግን ገረጋንቲ ነው፤ መንገድ ሲሠራ የሚደፉት ያ የተፈረካከሰ ቀይ ጠጠር። እዚያ ኮረብታው በሙሉ እሱ ነው። ከሥሩ የኑግ ማሳ ቢጫ ሆኖ ዙሪያውን ይዞታል።

«እነዚህ እሳተ ገሞራ ነበሩ» አልኩ። ጂኦግራፊ ላይ ተምሬዋለሁ።

አያ ፈንታሁን ሳቁ። «ወንድምህም እንዲህ ይል ነበር። ተማሪዎቹን እላይ ያወጣቸውና ‹የቆማችሁት እሳት አፍ ላይ ነው› ይላቸዋል። የእኔዋ ልጅ ማታ መጥታ ምድጃ አጠገብ አልቀመጥም ብላ አስቸገረችን። ያን ጊዜ ነው ‹መምህር እሳቱ› ያልነው።»

«አልተቆጣም?»

«ለምን ይቆጣል? ዝክር ቤት ሲገባ ‹እሳቱ መጣ፣ ጠላውን አርቁ!› ስንለው እሱ ራሱ ነው ቀድሞ የሚስቀው። ‹ጠላችሁ ውሃ ስለሆነ ያጠፋኛል እንጂ አይነድም› ይለን ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ቤታችን ውስጥ ሙሉቀን ዝምተኛ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እንደ አባት ስለሆነ ይመስለኛል፣ ብዙ አይስቅም ነበር። አያ ፈንታሁን የሚያወሩልኝ ሙሉቀን ሌላ ሰው ሆነብኝ። ደጋግሜ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም አልሰለቹም።

ረፋድ ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ጀመረ። ከኮረብቶቹ አንዱ ጥንት የተፋው ይመስለኛል፤ ሰፊ ሜዳ ሙሉ ጥቁር ድንጋይ ተቆልሎበታል። ድንጋዩ እንደ እንጀራ ዓይን አለው፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ከእግር በታች እንደ ከሰል ይሰበራል፣ ጠርዙ ግን እንደ ምላጭ ነው። ከመሃሉ ቁልቋልና ቁጥቋጦ በቅሎበታል፤ ወፍ እንኳ ብዙ አልሰማሁም። አንዱን ትልቅ ድንጋይ ሳነሳው በአንድ እጄ ተነሳ፤ በጣም ቀላል ነው። ደንግጬ ጣልኩት።

«ጎበዝ ነህ» አሉ አያ ፈንታሁን። «ደምበጫ ስትገባ ቋጥኝ አነሳሁ በላቸው። እኔ እመሰክራለሁ።»

ብዙም ሳንሄድ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ፍኖተ ሰላም የተገዛ ሸራ ጫማ ነው። እየተራመድኩ አፉን ይከፍታል።

«ይህ ጫማ ነው ዳቦ?»

«ጫማ ነው አያ ፈንታሁን።»

«በል አህያዋ ላይ ውጣ። ሰው ካየን ድንች ነው እላለሁ።»

አልወጣም አልኩ። ከጭነቱ ገመድ ላይ ቁራጭ ቆርጠው፣ እግሬን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አሰሩልኝ። እንዲህ በሽማግሌ ጉልበት ላይ እግሬን ማድረግ ከበደኝ። «ይተዉ እኔ ላስር» ብል አልሰሙኝም።

ወደ እኩለ ቀን ከቀዮቹ ኮረብቶች አንዱን ወጣን፤ መንገዱ በሱ ላይ ነው የሚያልፈው። ሽቅብ ሁለት እርምጃ ስሄድ ጠጠሩ አንድ እርምጃ ይመልሰኛል። ጫፉ ላይ ስንደርስ መሬቱ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ልክ እንደ ትልቅ ገበቴ። ከታች ለምለም ሣር ነው፤ ላሞች ይግጣሉ፤ ከላይ ሲታዩ ጥቃቅን ናቸው። እረኛ ላሙን ሲጠራ ድምፁ ዙሪያውን መትቶ ይመለሳል። ሙሉቀን ልጆቹን ያቆማቸው እዚህ መሆኑን አያ ፈንታሁን በዱላቸው አሳዩኝ። እኔም ቆምኩ። እሳት የነበረበት ቦታ እንዲህ ዝም ይላል ብዬ አላውቅም። ብዙ ነገር ማሰብ ፈልጌ ነበር፤ ግን እግሬን ስላመመኝ እሱን ነው ያሰብኩት።

በወዲያኛው ጥግ ባልና ሚስት ድንች እየቆፈሩ አገኘን። ገና ሳንደርስ «ኑ ቅመሱ!» አሉን። የተቀቀለ ድንች ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር በሰፌድ አቀረቡ። በእኛ አገር ድንች ለወጥ ነው፤ እዚያ ራሱን ችሎ ምሳ ነው። ትኩሱን እፍ እፍ እያልኩ በላሁ።

«እንግዳው ከየት ነው?» አለ ሰውዬው።

«የመምህር እሳቱ ወንድም ነው» አሉ አያ ፈንታሁን፤ ወዲያው አፋቸውን ያዝ አደረጉ።

«እውነት? እሱስ ደህና ነው?»

ድንቹን በሙሉ አፌ ውስጥ ከተትኩት። አቃጠለኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። አዎ ካልኩ ዋሸሁ፤ አይ ካልኩ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።

«አንተ ደግሞ፣ በልቶ ይጨርስ እንጂ!» ብለው አያ ፈንታሁን ሰውዬውን ክንዱን ይዘው ወደ አህያዋ ወሰዱት። ከሩቅ ሲነጋገሩ አየሁ። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ሲመለስ ለሚስቱ ምንም አላላትም፤ እሷ ግን ፊቱን አየችና ሰፌዱ ላይ ድንች ጨመረችልኝ። ስንነሳም ኪሴን በድንች ሞላችው። «ነገ ጠዋት እንገናኛለን» አለኝ ሰውዬው ቀስ ብሎ።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ መንደሩ ከታች ታየ። አያ ፈንታሁን ቆሙ።

«ከዚህ በኋላ አብረን አንሄድም። ከእኔ ጋር ካዩህ ነገር ይጠረጥራሉ። እኔ በላይኛው ዞሬ ለቄሱና ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ። አንተ ቀጥ ብለህ ውረድ፤ ግራር ያለበት ግቢ ነው። ጎህ ሲቀድ እንመጣለን።»

«ስለሱ ቢጠይቁኝስ?»

ራሳቸውን አከኩ። «ብላ። አፍህ ምግብ ካለው ማን ያናግርሃል?»

ቁልቁለቱን ብቻዬን ወረድኩ። ቀዩ ጠጠር ከኋላዬ እየተንሸራተተ ይከተለኛል። ግራሩ ሥር አንዲት ሴት ቆመው እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ስቀርብ፣

«ሙሉቀን?» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሙሉቀን ነህ?»

አረማመዳችን ይመሳሰላል ይሉናል።

«ታናሹ ነኝ፣ እማ ውዴ። ይታየው ነኝ።»

እጄን ያዙ፤ ደጋግመው ሳሙኝ። ከዚያ እጄን እንደያዙ ዝም ብለው ጠበቁ። በአገራችን እንግዳ ሳይቀመጥ የላኩትን ሰዎች ሰላምታ በየስማቸው ያደርሳል።

«እናቴ ሰላም ብላዎታለች» አልኩ። «እህቶቼም ሰላም ብለዎታል።»

የሙሉቀንም ነበረኝ። ታሞ ተኝቶ ሳለ በአፌ የላከው። ምላሴ ላይ መጣ፤ ግን በሕይወት አለ ብለው ለሚያምኑ ሰው የሙት ሰላምታ ባደርስ ከውሸት ሁሉ የባሰ ውሸት መሰለኝ። ዋጥኩት።

እማ ውዴ ትንሽ ቆዩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ግባ ልጄ። ደክሞሃል።»

ውሃ አሙቀው እግሬን አጠቡኝ። እኔ ልታጠብ ብል እምቢ አሉ። ውሃው ቀይ ሆነ፤ ደፍተው ሌላ አመጡ። ሲነሱና ሲቀመጡ ቀኝ ጉልበታቸው ያስቸግራቸዋል፤ ግድግዳውን ይይዛሉ። ድንጋዩ የላጠውን ተረከዜን ቅቤ ቀቡት፤ በመዳፋቸው ይዘውት ትንሽ ቆዩ። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ። ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ደምበጫ እህል፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ። ስለ ሙሉቀን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም። እግዚአብሔር ነው ያስረሳቸው ብዬ በልቤ አመሰገንኩ።

እራት ቅቤ የገባበት ሽሮ ነበር፤ ከላዩ እርጎ። እኔ የምበላ አልመሰለኝም ነበር። ግን ቀን ሙሉ ሄጃለሁ፤ ሆዴ አላፈረም። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ያጎርሱኝ ነበር።

«እርስዎስ፣ እማ ውዴ?»

«እኔ በጊዜ በልቻለሁ። ይህችን ብቻ። ይህችን ደግሞ ለእናትህ ስትል።»

ሙሉቀን ይተኛበት በነበረው መደብ ላይ አነጠፉልኝ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ

ከአጥሩ ውጭ ሳል ሰማሁና ነቃሁ። ገና አልነጋም፤ ጎህ ግን ቀዷል። ሰዎቹ መጥተዋል። ተነሳሁ፤ እማ ውዴን መቀስቀስ የእኔ ሥራ ይሁን የሽማግሌዎቹ አላውቅም ነበር።

እማ ውዴ ተነስተው ነበር። በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ታጥቀዋል፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ሐዘን የገባ ሰው እንደሚለብሰው።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ቄሱ ከፊት፣ አያ ፈንታሁን ከኋላ፣ የድንቹ ባልና ሚስት፣ ሌሎችም ብዙ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ቄሱ የተዘጋጁበትን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አይድከሙ አባ» አሉ እማ ውዴ። «ትናንት ሰምቻለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አያ ፈንታሁን ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

«እኔ አልተናገርኩም!» አልኩ።

«አልተናገረም» አሉ እማ ውዴ። «ደጄ ላይ ቆሞ የእናቱን ሰላምታ አደረሰ፤ የእህቶቹን አደረሰ። የሙሉቀንን አላደረሰም። ሙሉቀን በሕይወት እያለ ወደ እኔ የሚመጣን ሰው በባዶ አፍ ልኮ አያውቅም። በነጋዴ አፍ እንኳ ሰላም ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ብለሽ አደርሽ?» አሉ ቄሱ።

«ልጁ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቷል። እራቱን ሳይበላ ላልቅስበት?»

እኔ እሳቸው ጦማቸውን እንዳያድሩ ስጠብቅ፣ እሳቸው ለእኔ ሲሉ ጦማቸውን አድረዋል። ለካ በልቻለሁ ያሉኝ እንዲያ ነው። እግሬን ይዘው የቆዩትም ያን ጊዜ ገባኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ከተቀበረ ጀምሮ እንደዚያ አላለቀስኩም ነበር። ሴቶቹ ገቡ፤ ለቅሶው ተጀመረ፤ ቀዮቹ ኮረብቶች ድምፁን እየመለሱ ይሰጡን ነበር።

ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል፣ እማ ውዴ አጠገባቸው ጠሩኝ።

«ምንም አልላከልኝም?»

«ልኮ ነበር፣ እማ ውዴ። ትናንት ማድረስ አቅቶኝ ነው።»

«አሁን አድርስ።»

ተነሳሁ። እሳቸውም ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፤ ሰላምታ ተቀምጠው አይቀበሉም።

«ሙሉቀን ሰላም ብሎዎታል። ‹ጉልበታቸው እንዴት ሆኖ ይሆን? ጠይቅልኝ› ብሏል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ይወርዳል፤ ፊታቸው ግን እንደ ደህና ሰው ፊት ነበር።

«ጉልበቴ ደህና ነው በለው» አሉ።

ሐሙስ

ጠዋት ተነሳሁ። አያ ፈንታሁን አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ፤ ጫማዬን በጠፍር ሰፍተውልኝ ነበር፤ ብዙም አልቀለድንም። ቡሬ አድሬ፣ በማግስቱ የእትዬ የሺን ሸሚዝ መልሼ ጥቁሩን ለበስኩ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ወርጄ ሻይ ጠጣሁ።

ደምበጫ ስገባ እናቴ እየጠበቀችኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የሄድኩት። የሙሉቀን መቃብር አፈሩ ገና አልረጋም። ሰው አለመኖሩን አየሁና ጎንበስ አልኩ።

«እማ ውዴ ሰላም ብለውሃል» አልኩት። «ጉልበታቸው ደህና ነው።»

ደህና አለመሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን የተላክሁት እንዲያ ብዬ እንድነግረው ነው።